የቆላው እርሻ ዕዳ፦ ሰሊጥ፣ ካላዛር እና የኩባንያዎች ተጠያቂነት በጎንደር

ስለ ኩባንያዎች ጉልበትና ስለ ማኅበረሰብ መብት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ወደ አእምሮ የሚመጣው የውጭ ስም ያለው ግዙፍ ድርጅት፣ የታጠረ የማዕድን ቦታ ወይም ወንዝ ውስጥ ፍሳሽ የሚለቅ ፋብሪካ ነው። በጎንደርና በዙሪያዋ ግን ጉዳዩ ይህን ያህል ግልጽ መልክ የለውም። ከአዘዞ ተነሥቶ በአይከል አልፎ ወደ ገንዳ ውኃና ወደ መተማ በሚወርደው መንገድ፣ እንዲሁም በሳንጃ በኩል ወደ አብርሃጅራና አብደራፊ በሚዘልቀው መስመር፣ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ እርሻዎች ተዘርግተዋል። ባለቤቶቻቸው በአብዛኛው የአገር ውስጥ ባለሀብቶች ናቸው። ምርቱን ላኪ ድርጅቶች ይገዙታል፤ ከእነርሱ ደግሞ በቻይና፣ በእስራኤልና በሌሎች አገሮች ያሉ ኩባንያዎች ይረከባሉ። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ማንም ለብቻው ሲታይ ግዙፍ ላይመስል ይችላል። ሰንሰለቱ በሙሉ ሲታይ ግን ደኑ የት ድረስ እንደሚመነጠር፣ ሠራተኛው የት እንደሚያድር፣ ሲታመምም ወጪው በማን ላይ እንደሚወድቅ የሚወስን ኃይል አለው። የዚህ ኃይል ምንጭ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ጉዳቱ ከተፈጠረበት ቦታ ርቆ በሌላ ሰው ላይ እንዲያርፍ ማድረግ መቻሉ ነው። ሕጋችንም ይህን ከመከልከል ይልቅ በአንዳንድ አንቀጾቹ ያመቻቸዋል።

ሰሊጥ ብዙ ክንድ የሚጠይቅ ሰብል ነው። አረሙ በክረምቱ መካከል ይታረማል፣ አጨዳው በመስከረምና በጥቅምት ይደርሳል፤ የደረሰ ሰሊጥ ጥቂት ቀናት ከዘገየ ፍሬው እዚያው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ባለሀብቱ በአጭር ጊዜ ውስጥ እጅግ ብዙ ሠራተኛ ያስፈልገዋል፤ ይህንንም የሚያገኘው ከደጋውና ከወይና ደጋው ነው። ከደምቢያ፣ ከበለሳ፣ ከጭልጋ፣ ከሊቦ ከምከም፣ ከጎጃምና ከሌሎችም አካባቢዎች በየዓመቱ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አንዳንዱ በደላላ፣ ሌላው በራሱ ተነሣሽነት ወደ ቆላ ይወርዳሉ። በአካባቢው አጠራር ሳሉግ ይባላሉ። ብዙዎቹ የጽሑፍ ውል የላቸውም፤ የሚያውቁት ካቦውን እንጂ የእርሻውን ባለቤት አይደለም። የሚያድሩትም በማሳው ዳር በቆመ ዳስ፣ አልያም በቀጥታ ዛፍ ሥር ነው።

እዚያ የሚጠብቃቸው ትልቁ አደጋ ካላዛር የተባለው በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ የሚተላለፈው ከትንኝ በምታንስ የአሸዋ ዝንብ ንክሻ ነው። በሰሜን ምዕራቡ ቆላ በሽታውን የምታስተላልፈው ዝርያ ከዋልካ አፈር ስንጥቆችና ከግራር ዛፎች ጋር የተቆራኘች ናት፤ ያው ዋልካ ደግሞ ለሰሊጥና ለማሽላ እርሻ የሚፈለገው መሬት ነው። የምትናከሰው በአብዛኛው በሌሊት ስለሆነ፣ ያለ አጎበር ሜዳ ላይ የሚያድር ሠራተኛ ሌሊቱን ሙሉ ለንክሻ የተጋለጠ ነው። በሽታው ለሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት፣ ክሳት፣ የደም ማነስና የጣፊያ ማበጥ ያስከትላል፤ ካልታከመ ከ100 ታማሚዎች ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል። በሑመራ አካባቢ በ1960ዎቹ የታየው ወረርሽኝ ሰፋፊ የጥጥና የሰሊጥ እርሻዎች ተከፍተው የደጋ ሰው ወደዚያ መጉረፍ በጀመረበት ጊዜ መከሠቱ በአጋጣሚ አልነበረም። ለበሽታው ባዳ የሆነ አካል ወደ በሽታው ቀጠና በብዛት ሲገባ የሚሆነው ይኸው ነው።

ተጠያቂነትን ይበልጥ የሚያወሳስበው የጊዜው ነገር ነው። ከንክሻው እስከ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወራት ያልፋሉ። በጥቅምት ሰሊጥ ሲያጭድ የተነከሰ ወጣት በጥር ወይም በመጋቢት፣ ወላጆቹ ቤት ተመልሶ ሳለ ይታመማል ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የሠራበት እርሻ ሒሳቡን ዘግቷል፣ ሰሊጡ ወደብ ተሻግሯል፣ ካቦውም ስልኩን ቀይሯል። ጉዳቱ ከመነሻው ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ከሊቦ ከምከም በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። በጎንደርና በባሕር ዳር መካከል ባለው በዚህ ወረዳ፣ ካላዛር ከዚያ በፊት እምብዛም ባልታወቀበት የወይና ደጋ አካባቢ፣ ሰዎች በማይለቅ ትኩሳት ይሞቱ ጀመር። መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተብሎ ታሰበ። እውነተኛ መንሥኤው የታወቀው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ድረስ ግን ብዙ ሕይወት ጠፍቶ ነበር። ጉዳዩን ያጠኑ ባለሙያዎች ወረርሽኙን ከቆላው እርሻ ከሚመለሱ ወቅታዊ ሠራተኞች ጋር አያይዘውታል። ከታመሙት መካከል መተማንም ሑመራንም አይተው የማያውቁ ሕፃናት ይገኙበታል። ቆላ ወርደው የማያውቁ፣ ከሰሊጡም አንዲት ሳንቲም ያላገኙ ቤተሰቦች የእርሻውን ዕዳ ከፈሉ።

ታዲያ ሕጉ ምን ይላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና ከአደጋ የተጠበቀ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። ወደ ዝርዝር ሕጉ ሲወረድ ግን ነገሩ ይለወጣል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 አንቀጽ 98 ሰፍሮ የነበረውና በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቀጠለው ድንጋጌ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ሲተረጉም፣ ሠራተኛው ከሚሠራው ሥራ ዓይነት ወይም እንዲሠራ ከተገደደበት አካባቢ የሚመጣን ሕመም ያካትታል። ወዲያው ቀጥሎ ግን ሥራው በሚሠራበት አካባቢ የተለመዱ ወይም በወረርሽኝ መልክ የሚዛመቱ በሽታዎችን ከትርጉሙ ያወጣቸዋል። የተጠበቁት እነዚሁኑ በሽታዎች በመዋጋት ሥራ ላይ ብቻ የተሰማሩ ሠራተኞች ናቸው።

ይህን ድንጋጌ ከመተማ ሜዳ አንጻር ማንበብ ያስፈልጋል። ካላዛርን ለመከላከል ወደ እርሻው የተላከ ሠራተኛ በበሽታው ቢያዝ ሕጉ ይደርስለታል፤ በዚያው ማሳ አረም ሲያርም የከረመው ሳሉግ በዚያችው ዝንብ ተነክሶ ቢታመም ግን ሕመሙ ሥራው ያመጣበት ተብሎ አይቆጠርም። የድንጋጌው መነሻ ሐሳብ ሊገባን ይችላል፤ የአካባቢው ነዋሪ ሁሉ የሚጋራውን በሽታ አሠሪው ብቻ እንዲሸከም ማድረግ ፍትሐዊ አይሆንም የሚል ነው። ለአካባቢው ተወላጅ ይህ መከራከሪያ የተወሰነ ኃይል አለው። ከበለሳ ደጋ የወረደ ወጣት ግን የቆላ ነዋሪ አይደለም፤ እዚያ የተገኘው ለሥራው ሲባል ብቻ ነው፣ የሚያድርበትንም የመረጠለት አሠሪው ወይም የአሠሪው ወኪል ነው። ለእርሱ በሽታው የአካባቢው ሳይሆን የሥራው ነው። ሕጉ እነዚህን ሁለት ሰዎች አንድ አድርጎ በማየቱ፣ የእርሻው ባለቤት አጎበርና መጠለያ ባለማቅረቡ በካሳ መልክ የሚከፍለው ነገር እንዳይኖር አድርጓል። አሠሪዎች ለሠራተኛው ጤንነትና ደኅንነት ጥንቃቄ እንዲያደርጉ የሚያስገድዱ ሌሎች አንቀጾች በዚያው አዋጅ ውስጥ መኖራቸው እውነት ነው፤ መዘዝ የሌለው ግዴታ ግን ከከተማ ርቆ በተዘረጋ እርሻ ላይ ምን ያህል እንደሚከበር ለመገመት አይከብድም።

ወጪው በመጨረሻ የሚያርፈው ጎንደር ላይ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከል ከቆላውም ከደጋውም የሚመጡ ታማሚዎችን ይቀበላል። በአብደራፊ ደግሞ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ለብዙ ዓመታት ሕክምናውን ሲሰጥ ቆይቷል። የተለመደው ሕክምና ሁለት መድኃኒቶችን በማጣመር ለ17 ቀናት በየዕለቱ በመርፌ የሚሰጥ ሲሆን፣ ታማሚው ኤች አይ ቪ በደሙ ካለ ሕክምናው ይበልጥ ይከብዳል፣ በሽታውም የመመለስ ዕድሉ ከፍ ይላል። መድኃኒቱ በነፃ ቢሰጥ እንኳ መጓጓዣው፣ የአስታማሚው ቀለብ፣ ያልታረሰው መሬትና የተሸጠው በሬ የቤተሰቡ ወጪዎች ናቸው። የተቀረው በመንግሥት በጀትና በበጎ አድራጊዎች ይሸፈናል። የሰሊጡ ዋጋ ውስጥ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱም አይታሰብም። የምጣኔ ሀብት ሰዎች ስለ አካባቢ ብክለት ሲናገሩ የሚያነሡት ይህንኑ ነው፤ አምራቹ ትርፉን ሲይዝ የምርቱን ጉዳት ሌላው ይሸከማል። በእኛ ዘንድ ጉዳቱ በጭስ መልክ ሳይሆን በሰው ደም ውስጥ ሆኖ ስለሚጓዝ ብቻ ብክለት ተብሎ አይመዘገብም።

ደኑም የዚሁ ታሪክ ሌላ ገጽ ነው። የመተማና የቋራ ቆላ የዕጣን ዛፍ አገር ነው፤ ዕጣኑ፣ ማሩና የዱር ፍሬው የአካባቢው ገበሬና የጉሙዝ ማኅበረሰብ ለረጅም ዘመን የኖሩበት ሀብት ነው። እርሻው በተስፋፋ ቁጥር ዛፉ ተመንጥሯል። የቀረውም በእሳት፣ በግጦሽና ዕጣኑን ለማውጣት ግንዱን ከልክ በላይ በማድማት ምክንያት ችግኙ ሳያድግ እያረጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ዓለም አቀፍ ጥናት የዕጣን ምርት በሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ለኢንቨስትመንት የሚሰጥ መሬት በሰነድ ላይ ብዙ ጊዜ ባዶ ተብሎ ይገለጻል። ባዶ የተባለው ማንም ስላላረሰው ነው እንጂ ማንም ስላልኖረበት አይደለም፤ ዕጣን የሚለቅም፣ ቀፎ የሚሰቅልና ከብት የሚያሰማራ ሰው የይዞታ ደብተር ስለሌለው ካሳ በሚሰላበት ጊዜ አይቆጠርም። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ስለሚከፈል ካሳ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት መሬቱን በቋሚነት የሚለቅ ባለይዞታ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ ካሳ ይከፈለዋል፤ ከቀድሞው ሕግ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ መሻሻል ነው። ተጠቃሚው ግን ይዞታው የተመዘገበለት ሰው ነው፤ የጋራ ደን ተጠቃሚዎች እዚህ ስሌት ውስጥ የሚገቡበት በር ጠባብ ነው።

ይህ ሁሉ ሥራው ከመጀመሩ በፊት እንዲታይ የተደነገገ ሥርዓት ነበር። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያለ ፈቃድ ሥራ እንዳይጀምር፣ የጥናቱም ሪፖርት ለሕዝብ ተደራሽ ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት አዝዟል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ በሚነኩት ፕሮጀክቶች ዕቅድና አፈጻጸም ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት ይሰጠዋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2009 የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የግምገማውን ሥልጣን ለየዘርፉ መሥሪያ ቤቶች በውክልና ሰጠ። በዚህም ሰፋፊ እርሻን የማስፋፋት ኃላፊነት የተጣለበት የግብርና ሚኒስቴር የእነዚያኑ እርሻዎች የአካባቢ ጉዳት የሚመዝን ሆነ። አንድ አካል ባለሀብት በመሳብም ባለሀብት በመከልከልም ሲገመገም ወደ የትኛው እንደሚያዘነብል ግልጽ ነው። በቀበሌ ደረጃ ደግሞ ችግሩ ከዚህ ይቀድማል፤ ጥናቱ፣ ውሉና የመሬቱ ካርታ በክልል ወይም በዞን ቢሮ ይቀመጣሉ እንጂ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አይለጠፉም። ስምምነቱን ያላየ ሰው ስምምነቱ መጣሱን ሊናገር አይችልም።

ጉዳት ከደረሰ በኋላስ? የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እዚህ ላይ ከብዙ አገሮች ሕግ የቀደመ ነው ብዬ አምናለሁ። አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ ጉዳዩ በግል እንደሚነካው ማሳየት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት አድርሷል ወይም ሊያደርስ ይችላል በሚለው አካል ላይ ለባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይህን ያህል ሰፊ በር ተከፍቶ ሳለ የገባበት ሰው እጅግ ጥቂት ነው። በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት ምክንያት አንድ የሲቪል ማኅበር በፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ላይ የመሠረተው ክስ በሕግ ትምህርት ቤቶች እስከ ዛሬ በምሳሌነት ይነሣል፤ ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ውድቅ አድርጎታል። ብዙም ሳይቆይ የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ጉዳይ እንዳይሠሩ ከለከለ። ለድሃ ገበሬ ጠበቃ ሊያቆሙ ይችሉ የነበሩ ተቋማት ተዳከሙ። ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተተክቶ በሩ እንደገና ቢከፈትም፣ የጠፋው ልምድና የሰው ኃይል ግን በአንድ አዋጅ አይመለስም።

በሕግ መንገድ መሄድ ሲያቅት የሚቀረው አደባባይ ነው። በጉጂ ዞን የለገደንቢ የወርቅ ማዕድን ፈቃድ መታደሱን የተቃወሙ ነዋሪዎች፣ ከማዕድኑ የሚወጣው ኬሚካል በሕፃናትና በከብቶች ላይ ጉዳት አድርሷል በማለት ሰልፍ ወጥተው፣ የማዕድን ሚኒስቴሩ ፈቃዱን ያገደው በግንቦት 2010 ዓ.ም. ነው። በጋምቤላ ደግሞ 100,000 ሄክታር ተሰጥቶት የነበረው የሕንዱ ካሩቱሪ ኩባንያ ውል በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ሲሰረዝ፣ የለማው 1,200 ሄክታር ገደማ ብቻ እንደነበር መንግሥት ራሱ ገልጿል። ሁለቱም ውሳኔዎች የመጡት ጉዳቱ ከደረሰ ወይም ዓመታት ከባከኑ በኋላ ነው። የዛምቢያ ገጠር ነዋሪዎች ሌላ መንገድ ሞክረዋል። በንቻንጋ የመዳብ ማዕድን ፍሳሽ ውኃችንና መሬታችን ተበከለ ያሉ 1,826 ሰዎች የማዕድኑን ባለቤት እናት ኩባንያ ቬዳንታን በእንግሊዝ አገር ከሰሱ። የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ጉዳዩ እዚያው እንዲታይ ፈቀደ። ከምክንያቶቹ አንዱ ከሳሾቹ በአገራቸው በቂ ገንዘብና ልምድ ያለው ጠበቃ አግኝተው ፍትሕ የማግኘታቸው ነገር አጠራጣሪ መሆኑ ነበር። ጉዳዩ በኋላ ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን በስምምነት ተቋጭቷል። የቬዳንታ ከሳሾች ግን እናት ኩባንያው ማን እንደሆነ ያውቁ ነበር። የመተማ ሠራተኛ ያጨደው ሰሊጥ ወደ ምርት ገበያው መጋዘን ገብቶ የጎንደር ወይም የሑመራ ተብሎ በደረጃ ሲመደብ የማሳው ማንነት ከቃርሚያው ጋር ይቀራል፤ የመጨረሻው ገዢ ሠራተኛው የት እንዳደረ ቢጠየቅ አላውቅም ለማለት ይመቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2011 በተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት የጸደቁት የንግድና የሰብዓዊ መብቶች መሪ መርሖዎች ይህን መልስ አይቀበሉም። መንግሥት መብትን የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ኩባንያውም መንግሥት ጠበቀም አልጠበቀም መብትን የማክበር ኃላፊነት አለበት፣ ኃላፊነቱም ከእርሱ ጋር በንግድ የተሳሰሩት የሚያደርሱትን ጉዳት እስከ መመርመር ይዘልቃል። መርሖዎቹ ግን አስገዳጅ ሕግ አይደሉም። ሐምሌ 21 ቀን 2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የሰብዓዊ መብት መሆኑን በ161 ድጋፍ ሲያውጅ ድምፀ ተዓቅቦ ካደረጉት 8 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በሕገ መንግሥቷ ይህን መብት ቀድማ የጻፈች አገር በዚያ ቀን ድጋፏን መንፈጓ ያሳዝናል።

ሰሊጥ ከቡና ቀጥሎ ከዋና ዋናዎቹ የውጭ ምንዛሪ ምንጮች አንዱ ነው፤ ለደጋው ወጣትም ከራሱ እርሻ ውጭ ገንዘብ የሚያገኝበት ጥቂት ዕድል ነው። ባለሀብቱም ቢሆን የባንክ ዕዳ፣ የዝናብ እጥረትና የዋጋ መውደቅ አለበት፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ በክልሉ ያለው ግጭትና በመንገዱ ላይ ያለው እገታ ተጨምረውበታል። ጥያቄው እርሻው ይኑር ወይስ አይኑር አይደለም። ይሁን እንጂ አጎበር፣ ለሌሊት የሚሆን መጠለያ፣ ከመመለስ በፊት የሚደረግ ምርመራና የሠራተኞች መዝገብ ከአንድ እርሻ የአጨዳ ወጪ ጋር ሲነጻጸሩ ከባድ አይደሉም፤ አንድ ታማሚ ለ17 ቀናት ጎንደር ተኝቶ ከሚያስወጣው ጋር ሲተያዩ ደግሞ ጥቂት ናቸው። እነዚህን የመሬት ውሉ አካል ማድረግ የክልሉ ሥልጣን ነው፤ ውል ሲታደስ መጠየቅም ይችላል። መዝገቡ በተለይ ያስፈልጋል፤ በመጋቢት የታመመ ሰው በጥቅምት የት እንደሠራ የሚታወቀው በእርሱ ነውና። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ታማሚዎቹ የሠሩበትን ወረዳና እርሻ መዝግቦ ስማቸውን ሳይገልጽ የሠራተኛ ጉዳይን ለሚመለከተው የክልሉ ቢሮ ቢያሳውቅ፣ የትኛው አካባቢ ይበልጥ ሰው እንደሚያሳምም በሁለት ወቅት ውስጥ ይታወቃል። አንቀጽ 98ን ማሻሻል የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ነው። ማሻሻያው ከመኖሪያ አካባቢው ውጭ ለሥራ የሄደን ሠራተኛ ለብቻው የሚመለከት አንድ ንዑስ አንቀጽ ቢሆን ይበቃል፤ በሽታው ከሥራው አለመምጣቱን የማስረዳት ሸክምም በአሠሪው ላይ መሆን አለበት፤ የሠራተኞቹን መዝገብ መያዝ የሚችለው እርሱ ነውና።